የአባባ እርምጃ በባለ ካሬ ወረቀት

ይድረስ ለእህት ዓለም፤ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ጉራዬ ብቻ እየወፈረ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ነው! ያ በጣቱ ይፈርም የነበረው አናጢ ወንድምሽ፣ ዛሬ በማታ ትምህርት ቤት የቀጥታ መስመር ግራፍ ይስላል። አግድሙ ሳምንት ነው፣ ሽቅቡ እርምጃ። አባባ ከአልጋው ተነስቶ ሳያርፍ የሚሄደውን እቆጥራለሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ፣ በሁለተኛው ሃያ አምስት፣ በሦስተኛው ሃያ። እሱም "አንተ ልጅ፣ እንደ ሳንቃ ለካኸኝ እኮ!" እያለ ይስቃል።

የዚህን ሳምንት ነጥብ ሃያ ሁለት ላይ አደረግኳት። መምህሯ ማስመሪያዋን አስጠግታ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ከመስመሩ ወጥታለች፤ በደንብ ቆጥረዋል?" አለችኝ።

"የአናጢ ዓይን አይሳሳትም!" ብዬ ፎከርኩ። ቤት ስገባ ግን አጥፍቼ በእውነት ወደ ቆጠርኩት፣ ወደ አሥራ አምስት መለስኳት።

መስመሩን ወደፊት አስረዝሙ ተብለን ነበር። ክፍሉ በሙሉ አስረዘመ፤ እኔ እርሳሴ ተሰበረ ብያለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እመጣለሁ ያልሽውን ወደ መጪው ሳምንት ብታመጪውስ? በሩ ከአልጋው አሥር እርምጃ ነው፤ እዚያ ድረስ ወጥቶ ይቀበልሻል።

አባባ "ግንባሯን ስሜያለሁ ብለህ ጻፍልኝ" ብሎኛል።

ናፋቂ ወንድምሽ