ከቅርንፉዱ ዛፍ ስር የተደወለ

ጃካርታ፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ቢሮ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ግን አልቻልኩም።

መደወል ስትችል ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ብደውልልህ ስልክህ ኔትወርክ ያለበት ቅርንፉዱ ዛፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የምታነጋግረኝ። ወደ ጆሮህ ካስጠጋኸው መስመሩ ይጠፋል፤ በድምፅ ማጉያ ካደረግኸው ደግሞ መላው መንደራችን ዋኤ ንጎሪ ይሰማል። ይህን ነገር መጀመሪያ አንተ ብቻ እንድትሰማው ፈለግሁ። ሾፌሩ ብላሲየስ ደብዳቤውን ከወደብ ተቀብሎ፣ ቅርንፉድ ሊጭን ሲመጣ በእጅህ ይሰጥሃል።

ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤቴ ኔትወርክ ሊለኩ የመጡትን ሦስት ሰዎች ታስታውሳለህ። እማዬ እንዴት እንደተቀበለቻቸው ስትነግረኝ ኩራቷ አይጣል ነበር። ነጭ አውራ ዶሮና የዘንባባ ጠጅ ቀረበላቸው፣ ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ ከዚያ ሰዎቹ የት ቆመን እንለካ ብለው ጠየቁ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ እንግዳ የሚቀመጠው ቤቱ ካለው ቦታ ሁሉ በሚሻለው ላይ ነው። «የልጄ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ኔትወርክ የሌለበት ላቁማቸው እንዴ? ምን ይሉኛል?» ብላ ቅርንፉዱ ዛፍ ስር ወሰደቻቸው። እንዳይጨናነቁ ብላ የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ ከየሚስማሩ አወረደች። መሣሪያቸው እዚያ ያለውን አነበበ። አሥር እርምጃ ቢርቁ ምንም አያገኙም ነበር።

በእማዬ አትፍረድ። መመሪያው ላይ «ልኬታው ነዋሪዎች በሚያመለክቱት ቦታ ይደረጋል» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሕዝብ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ከመኪና ሳይወርዱ መንገድ ዳር ለክተው እንዳይሄዱ። የእኛ ሰው እንግዳ የት እንደሚያቆም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ትዝም አላለኝ።

የልኬታው ወረቀት ለፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ትዝ አለኝ። የተለካችውን ነጥብ ካርታው ላይ እንዳየሁ ዛፉ መሆኑን አወቅሁ። ይደገም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። በዚያ ሰሞን አለቃዬ አቶ ሄንዳርቶ አንዷን ባልደረባችንን ለትውልድ መንደሯ አደላች ብሎ በስብሰባ መሀል አዋርዷት ነበር። እኔም ፈራሁ። የሦስት መቶ መንደር ወረቀት ፈርሜ የራሴን ብቻ ብመልስ ምን ይባላል አልኩና ፈረምኩ። ዋኤ ንጎሪ ካርታው ላይ አረንጓዴ ተቀባች። ሽፋን አላት ተባለና የስልክ ኩባንያው እዚያ የኔትወርክ ማማ የመትከል ግዴታው ተነሳለት።

ሞደስታ ሳታውቅብኝ አልቀረችም። ለፋሲካ ስመጣ ልብስ እያሰጣች «እናንተ እዚያ ቁጭ ብላችሁ አረንጓዴ ትቀቡናላችሁ፣ እኛ እዚህ ዛፍ ላይ እንጮኻለን። ዛፉም እንደ ባሌ ነው፤ ሲያሻው ይሰማል፣ ሲያሻው ይደነቁራል» አለችኝ። አንተ ከጓሮ ሆነህ ሰምቻለሁ ስትል እንዴት እንደሳቀች! እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሆዷ መግፋት የጀመረው ያኔ ነው።

ከቀበርናት በኋላ ሥራ ስመለስ መንደሯ እንደገና ትለካ ብዬ ጠየቅሁ። የኩባንያው ወኪል መልሱን ይዞ ራሱ መጣ። ትሑት ሰው ነው። የጥሪ መዝገብ ዘርግቶ ሞደስታ ያማጠችበትን ያንን ሐሙስ ከሰዓት አሳየኝ። ከአንድ ስልክ ወደ አዋላጇ ዘጠኝ ጊዜ ተሞክሮ ዘጠኙም ተቋርጧል። አሥረኛው ወደ ሌላ ቁጥር ነው። «ይኸው፣ ይሄኛው ደርሷል» አለኝ በጣቱ እያሳየ። «ሠላሳ አንድ ሰከንድ ጠርቷል። ሰው ስልኩን ካላነሳ እኛ ምን እናድርግ፣ እመቤቴ?»

የማን ቁጥር እንደሆነ አላወቀም።

ወንድም ጋሼ፣ ስልኩ ፊቴ ነበር። የገጠር ሽፋን ዕቅዳችን ተሳካ ተብሎ አዳራሽ ውስጥ ግብዣ ነበር፤ አለቃዬ ንግግር እያደረገ ነው። ስምህን አየሁት። እንደ ልማዳችሁ ተሰብስባችሁ ሰላም ልትሉኝ መሰለኝ፤ ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ገልብጬ አስቀመጥኩት። መንዘሩን እስኪያቆም እጄን ከላዩ አላነሳሁም። ባነሳው ኖሮ ከእኔ ወደ ጤና ጣቢያው አንድ ስልክ ብቻ ነበር የሚቀረው። ከንግግሩ በኋላ ስደውል አልገባም አለኝ።

አንተ ግን ለእማዬም፣ ለቄሱም፣ ለሁሉም ኔትወርክ አልነበረም ብለሃል። በቀብሯ ቀን እኔን ራሴን አቅፈህ እንደዚያው አልክ። ሲጠራ ሰምተኸዋል፤ በማጉያ ነበር፣ አጠገብህ የቆሙትም ሰምተዋል። አምስት ወር ሙሉ ከመንደሩ አንድ ሰው ለምን አላነሳሽም አላለኝም። ብትቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ ስልክ ሲጠራ እቆጥራለሁ። አውቶብስ ውስጥም፣ ምሳ ቤትም፣ የማላውቀው ሰው ስልክ ቢሆንም እንኳ። ሠላሳ አንድ ደርሶ ካልተነሳ «አንሱት!» እላለሁ። የእኔ ስልክ ሳይጠራም ሲጠራ እሰማዋለሁ፤ ሻወር ውስጥ ሆኜ ስንቴ ውኃውን ዘግቼ እንደሮጥኩ አልነግርህም።

ሌላም ነገር አለ፤ ብተወው ይሻል ነበር፣ ግን አልቻልኩም። የኩባንያው ወኪል የመንደሯ ተጠቃሚዎች ናቸው ብሎ የአሥራ ሰባት ስልክ ዝርዝር ትቶልኝ ሄደ። የሞደስታ ቁጥር አለበት። ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል መስመር ላይ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል። አንድ ሰው ቻርጅ አድርጎ እየሰቀለው ነው። ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። አንድ እሁድ ደፍሬ ደወልኩ፤ መጥራት ሲጀምር ዘጋሁት። እዚያ የቆምከው አንተ ከነበርክ ይቅር በለኝ።

የጎረቤታችን የኮርኔሊስ ሚስት በግንቦት እንደምትወልድ እማዬ ነግራኛለች። ለዚህ ነው የቸኮልኩት። በመንግሥት ድጋፍ ማማ የሚተከልላቸው መንደሮች ዝርዝር በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የአንድ ነዋሪ አቤቱታ ከደረሰ ዋኤ ንጎሪ የግድ እንደገና ትለካለች፤ አሁን በየቤቱ ደጃፍ ነው የሚለካው፣ መመሪያውን አስለውጫለሁ። በአስቸኳይ የሚቆም ትንሽ ማማም አለ፤ ለግንቦት ይደርሳል።

ኩባንያው ግን ያችን የደረሰች ጥሪ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባታል። ስለዚህ የት ቆመህ እንደደወልክ፣ ስልኩ ምን ላይ እንደተሰቀለ፣ ለማን እንደደወልክ፣ እሷም ለምን እንዳላነሳች አንድም ሳታስቀር ጻፍ። ሽፋን አለ ብላ የፈረመችውም ያችው ሰው እንደሆነች ጨምር። ኔትወርክ አልነበረም ብቻ ብለህ እንዳታልፍ። እኔን ለማዳን ካሰብክ ማማው አይመጣም። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም፤ አንተ ግን ስለ እኔ ብለህ እጅህን አታጥፍ።

ጉልበቷን ለእማዬ፣ ዕድሜውን ለልጅህ፣ ለአንተም የሚያሳርፍህን እንቅልፍ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ።

የአቤቱታውን ቅጽ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ቀኑን፣ የመንደሯን ስምና መለያ ቁጥሯን ሞልቼዋለሁ። አንድ መስመር ግን ክፍት ነው፤ «ሽፋን መኖሩን ያረጋገጠው ሠራተኛ ስም» ይላል። ሦስት ጊዜ ብዕሬን አስጠግቼ እጄ እምቢ አለኝ። ስሜን መጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አንተው ጻፍልኝ።

ታናሽ እህትህ