ጅቡ፣ ዳማና እኔ

ኅዳር 15 ቀን 1976
እና ጥፋቱ የእኔ ነው? ጅቡን ሰፈር ያስገባሁት እኔ ነኝ? ተናኘወርቅ ናት እንደዚህ ያለችኝ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ በሰው ፊት። ለኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ሲቃጠል ከሰፈራችን ሥር ካለው ገደል አጥንቱንና ቆዳውን ሁሉ ጠርጌ ያነደድኩት እኔ ነኛ። ሌላው መች ገደል ይወርዳል? ጭሱ መካኒሳ አቦ ድረስ ታይቷል!
«ምግቡን አቃጠልክበት። አሁን ምን ይብላ? አንተን?»
ሰው ሁሉ ሳቀ...

ኅዳር 19
ውርጭ። ሳሩ ነጭ ሆኗል። የጅቡ ዱካ ከገደሉ እስከ እነተናኘወርቅ አጥር። ውሻዋ ዳማ ባይጮህ ከሦስቱ በጎቻቸው አንዱ ዛሬ የለም።
ካባ ላይ ድንጋይ ስንፈልጥ «በባዶ እጄ ነው የማንቀው» አልኩት የሥራ ጓደኛዬን ሁንዴሳን።
«አንተ? ባለፈው አይቶት ባሕር ዛፍ ላይ የወጣው ማነው ታዲያ?»
ለማየት ነው የወጣሁት።

ኅዳር 22
መርዝ አገኘሁ። ከማን እንደሆነ እዚህም አልጽፍም። ሳንባ ውስጥ ወትፌ ገደሉ አፍ ላይ አኖርኩት። ነገ ሰፈሩ ስሜን ይጠራል!

ኅዳር 23
ዳማ ሞተ።

ኅዳር 24
ሳንባውን የበላው ዳማ ነው። ለውሻ መች አሰብኩ?
ተናኘወርቅ ስትቀብረው መቃብሩ ላይ የሚጫን ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁላት። «እግዜር ይስጥህ። ብርዱ ነው መሰለኝ... አርጅቶ ነበር» አለችኝ።
አዎ አልኩ። ያ ሁሉ አፌ የት ገባ?

ኅዳር 28
ጅቡ ትልቁን በግ ወሰደ። የሚጮህ የለ። ወንድሟ ከግንባር ሲመለስ ሊታረድለት የተቀመጠ በግ ነበር... እናቷ እትዬ ትሩፋት ሲያለቅሱ እስከ እኔ ቤት ይሰማል።

ታኅሣሥ 2
ለተናኘወርቅ ነገርኳት። «መርዙን ያኖርኩት እኔ ነኝ።»
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
«ድንጋዩንም አንተ ነህ ያመጣኸው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ታኅሣሥ 3
እትዬ ትሩፋትን ለመንኩ፣ በጎቹን ልጠብቅ ብዬ። «ከአጥር ውስጥ ሁን እንግዲህ፣ ሰዓት እላፊ እንዳይዝህ» አሉኝ። ተናኘወርቅ ቀና ብላም አላየችኝ።

ታኅሣሥ 10
«ውሻ ሆንክላት በለኛ!» አለ ሁንዴሳ። ሆንኩ። ሳምንቱን እሳት እያነደድኩ በጎቹ አጠገብ አደርኩ። ከሥጋ ቤት አጥንት እየለመንኩም ገደሉ ውስጥ እጥላለሁ፣ ያቃጠልኩትን ልተካ። ሥጋ ሻጩ «ለማን ነው?» ሲለኝ ምን ልበል?
ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጅቡን አየሁት። ከአጥሩ ማዶ፣ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ጆሮው ተቀዷል፣ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል፣ ጎኑ ይንቀጠቀጣል። እሱንም ይበርደዋል ለካ... ዛፍ ላይ አልወጣሁም። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ይሄን ለሁንዴሳ አልነግርም። ቆይቶ ወደ ገደሉ ወረደ። አጥንት ሲሰብር ሰማሁት።
ሁለቱ በጎች አሉ።
ከዚያ በሩ ተከፈተ። ተናኘወርቅ ብርድ ልብስ ወረወረችልኝና ገባች። የዳማ ፀጉር አለበት።
ምን ማለት ነው? ይቅር አለችኝ? ወይስ ውሻም ይበርደዋል ብላ ነው? መሠረተ ትምህርት ሦስት ወር ነው የተማርኩት፣ ይሄን ማንበብ አላስተማሩኝም። አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት፣ እሳቱ ሳይጠፋ፣ ቁርጡን ንገሪኝ!