የማስታወቂያ ስልክ ነው ያልኩ ለት

አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ

ልጄ ጽጌረዳ፣

ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ ያደረሰሽ አምላክ ይመስገን፤ እንቅፋት አይንካሽ። እኛ ደኅና ነን። በረዶው በሚያዝያም ጥሎ የበረንዳዬን ጤና አዳም ፈጀብኝ። አባትሽ አሁንም ኤርፖርት ይሠራል፤ ሰላም ብሎሻል።

ስፔን፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ያልሽኝ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሰሽ ስትደውዪ አይቼዋለሁ። የጽዋ ማኅበርተኞቼ ቤቱን ሞልተውት ነበር። «ልጇ ካቶሊክ ሆነች» እንዳይሉኝ ፈርቼ ዘጋሁት። ከመካከላቸው ሀና «ማን ነው?» ስትለኝ «የማስታወቂያ ስልክ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ቄሱ ስንክሳር ሲያነቡ፣ ለካ አንቺ የተሳለምሽው ሐዋርያ የእኛው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ኖሯል! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እኛ እኮ ከግሸን የተመለሰ ሰው እግር አጥበን የምንቀበል ነን፤ እኔ ግን በልጄ ላይ ስልክ ዘጋሁ። አፍሬ ነው ከመደወል መጻፉን የመረጥኩት።

በረከቱ ይደርብሽ፤ ለእኔም ይትረፈኝ። እግርሽን በሞቀ ውኃና በጨው ዘፍዝፊው።

ቅዳሜ እነ ሀና እዚሁ ይመጣሉ። እባክሽ ያን ጊዜ ደውዪልኝ፤ ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። «ማን ነው?» ሲሉኝ፣ «ልጄ ናት፣ ያዕቆብን ተሳልማ» እላለሁ።

እናትሽ እልፍነሽ