ለግራ እጅ ብቻ

ይድረስ ለምወድህና ለምቆጣህ ወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ኮምቦልቻስ ተስማማችህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ሳል ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። የቆቦ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ማሽላው ግን ዘንድሮ አምሮበታል። ስደውልልህ ስለማታነሳ ደብዳቤ በሰው ልኬልሃለሁ። ይህንን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብበው። እምቢ ብትል እኔም ያንተው እህት ነኝ፣ በግትርነት አልተናነስም።

በቀጥታ ልንገርህ። ከአረፋ በኋላ ባለው ቅዳሜ ባንዳችን በወጣቶች አዳራሽ ይጫወታል፤ ኪቦርዱ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ከሙዚቃ ጋር ተቆራርጫለሁ እንደምትል አውቃለሁ። የመውቂያ ማሽኑ ቀኝ እጅህ ላይ ያን አደጋ ካደረሰብህ ጀምሮ ሌላ ነገር ተናግረህ አታውቅም። ጊታርህን ጥለህልኝ ሄድክ፣ ኪቦርዱንም ጨርቅ አልብሰኸው ሄድክ። ጊታሩን ጣቶቼ እስኪላጡ ተለማምጄበታለሁ። ኪቦርዱን ግን ማንም አልነካውም።

ሐሳቡ እኮ ያንተው ነው! የሮክ ሰዎች ዝም ብለው የሚጮኹ ይመስልሻል ወይ እያልክ በስልክህ የምታሰማኝ አንተ አልነበርክም? ጊታር ተጫዋቾቹ ከጥንት የቫዮሊን ሥራዎች ፈጣኑን ዜማ ወስደው በኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስሮጡት፣ ሌሎቹ ሙሉ ኦርኬስትራ ከኋላቸው አስቀምጠው ሲዘፍኑ፣ የጥንት የኦርጋን ዜማ ሮክ ውስጥ ሲከቱ አሰምተኸኛል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብዬ ስጠይቅህ፣ ሁለቱም ዝግ ብለው ይጀምሩና ኋላ ቤቱን ያናውጡታል አልከኝ። ያንን አልረሳሁትም።

እኔም ስፈልግ ስፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ። በክላሲካል ሙዚቃ ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ የፒያኖ ሥራዎች አሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ቀኝ እጁን በጦርነት ያጣ ፒያኖ ተጫዋች ታላላቅ አቀናባሪዎችን አስጽፎ ከኦርኬስትራ ጋር ተጫውቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው እጁ አንድ ብቻ መሆኑን ማመን አቃተኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ ላንተ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ልምምዳችን ግን አያድርስ ነው! መንሱርን ታውቀዋለህ፣ ከበሮው ላይ ሲቀመጥ ራሱን ይረሳል። ዝግ ያለውን የክላሲካል መግቢያ ሳይታወቀው ወደ መንዙማ ምት አዞረው፤ እኔም በጊታር ተከተልኩት። ከአጥሩ ባሻገር እነ እትዬ ሰይዳ መንዙማ የጀመርን መስሏቸው በጭብጨባ ተቀበሉን፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋቱንም አወረዱት። መንሱር ደንግጦ ሲያቆም እትዬ ሰይዳ ምነው፣ ምን ነክቷችሁ አቋረጣችሁት ብለው ተቆጡን። እኛም ምቱን እንዳለ ተውነው፤ ከምታስበው በላይ ያምርበታል።

አባዬ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ነበር። ሙዚቃችንን ጩኸት እንጂ ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅም። ጊታሩን ትተህ ማሽኑ ላይ ሥራ ብሎ የላከህም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃል እንዳልተለዋወጣችሁ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም አያነሳውም። ያን ቀን የመንዙማ ከበሮውን፣ ድቤውን፣ ከግድግዳ አውርዶ መጣና ለመንሱር አመታቱን ያሳየው ጀመር። ምቱን የሚይዘው ግራ እጅ ነው፣ ቀኙ ጌጥ ነው አለው። ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ጨርቅ የለበሰውን ኪቦርድ አየና ድቤውን እንዳቀፈ ቁጭ አለ።

አሁን ሁሉም ተዘጋጅቷል። መግቢያው ክላሲካል ነው፣ ቀጥሎ የእኔ ጊታር ከነጩኸቱ ይገባል፤ ከዚያ ሁላችንም ዝም እንልና ያንተ ግራ እጅ ብቻውን ይጫወታል። በመጨረሻ ድቤው ይቀበልሃል። መብራት ቢጠፋም የመንሱር ባጃጅ ባትሪ አለ፣ በዚያ እንዳታመካኝ።

ባትመጣም እንጫወታለን። ያንተ ቦታ ላይ ስንደርስ እጃችንን ከመሣሪያው አንስተን እንጠብቃለን። ሕዝቡ ቢያጉረመርምም፣ ቢስቅብንም ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ይህን ወስኛለሁ።

አላህ ልብህን ያስፋልህ፣ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህን ሰው በር ላይ አታቁመው፣ የመንገዱ ድካም ለዕድሜው ይከብዳል። ድቤውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አላስጭንም፣ ታቅፌው እሄዳለሁ ብሏል። አንብበህ እስክትጨርስ አይናገርም፤ ከዚያ በኋላም ምን እንደሚል አያውቅም። በግራ ሰላም ማለት ነውር ነው ብለህ አትሸማቀቅ። ግራ እጅህን ስጠው።

ጊታርህን በአደራ የያዘችው
ታናሽ እህትህ
ከቆቦ