ግማሽ ጆንያ ማዳበሪያ ለጠየቀ ገበሬ ስለተሰጠ ውሳኔ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የማዳበሪያ ሥርጭት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ በሰላም የዋለ፣ ማኅተምዎም ቀለም ያልነጠፈበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከባምባሲ ወዲህ በቆሎና አኩሪ አተር እያፈራረቅሁ የምዘራው ቶሌራ ነኝ፤ ስለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አፈራችን ኮምጣጣ በመሆኑ ማዳበሪያ ብቻ ስጨምርበት በቆሎዬ እየጫጨ ይቀር ነበር። አምና የልማት ሠራተኛችን ኢኽላስ በመከረችኝ መሠረት፣ አኩሪ አተር በነበረበት ማሳ ላይ ከጎረቤቴ ከባቢከር በረት ያመጣሁትን የበሰበሰ ፍግ ከግማሽ ጆንያ ማዳበሪያ ጋር ቀላቅዬ ዘራሁ። በቆሎው ከቁመቴ በለጠ፤ ባለቤቴ ቀነኒ ጎተራው እስከ አፉ ሲሞላ አይታ አለቀሰች። ይህንኑ በስብሰባ ላይ በደስታ ብናገር፣ እርስዎ ከስሜ አጠገብ «ፍግ አለው» ብለው ጽፈው ከማዳበሪያ ተቀባዮች ዝርዝር ሰረዙኝ። እውነት መናገር ምን እንደሚያስከትል በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማን ያስተምረኝ ነበር?

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ መጥቼ «ጌታዬ፣ የምፈልገው ግማሽ ጆንያ ብቻ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አፈሩ እሺ አይልም» ስልዎ፣ «ቅጹ ላይ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ፍግ ወይ ማዳበሪያ» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ስለዚህ በቅጹ መሠረት ፍግ እንደማልጠቀም፣ ከበቆሎ በቀር ሌላ እንደማልዘራ ፈረምኩ። በሳምንቱ እርስዎ የላኳቸው ተቆጣጣሪዎች ማሳዬ ዳር የተከመረውን ፍግ አዩና ሐሰተኛ ብለው መዘገቡኝ።

ሦስተኛ፣ ባቢከር «ወንድሜ፣ ከድርሻዬ ግማሹን ውሰድ» ቢለኝ፣ ማዳበሪያ ለሌላ ማስተላለፍ እንደሚያስቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፈው ሁለታችንንም ከጥፋት አዳኑን።

ዝናቡ ግን ስብሰባ አይጠብቅምና በፍጉ ብቻ ዘራሁ። በቆሎው እስከ ዛሬ ከጉልበቴ አላለፈም፤ ቅጠሉም ወይን ጠጅ መስሏል። ቀነኒ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ቆማ ታየዋለች። መሬቱን ትቼ ልሂድ ብል ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ልረሰው ብል ደግሞ በምን ማዳበሪያ?

ከማዳበሪያ ዝርዝርዎ ተሰርዤ፣ በሐሰተኝነት ተመዝግቤ ሳለሁ እንኳ አክብሮቴን የማላጓድል፣
ታዛዥዎ ቶሌራ ቀጄላ

ማሳሰቢያ፦ ለጓሮዎ ጎመን አንድ ጋሪ ፍግ እንድልክ ትናንት ያስተላለፉት መልእክት ደርሶኝ ወዲያውኑ ልኬያለሁ። እርስዎም ማዳበሪያ ተቀባይ ስለሆኑ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሳይደርሱ አፈር ያልብሱት።