ባንዲራውና የበሬው ዓይን

ሰኞ፣ መጋቢት 6። ከምሳ በኋላ።

ጠመኔ አልቋል። ክፍልፋይን ግቢው ውስጥ፣ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍኩ አስተማርኩ። ነፋስ ግማሹን ወሰደው።

ነገ ሳይንስ፣ ስምንተኛ ክፍል። ስለ ዓይን። የመጽሐፉ ሥዕል ደብዝዞ ድንች መስሏል። እውነተኛ ዓይን ያስፈልገኛል። ግን ሁዳዴ ነው። ማክሰኝት ውስጥ በዚህ ሰሞን በሬ የሚያርድ ክርስቲያን ከየት ይመጣል?

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የጎንደሩ ቁስቋም ትዝ አለኝ። ልጅነቴ። የሳይንስ አስተማሪያችን የፍየል ዓይን በምላጭ ከፍቶ ሌንሷን ያወጣባት ቀን። የጤዛ ጠብታ ትመስላለች። በጣቱ ይዞ አሳየኝ። በሌንሷ ውስጥ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ተዘቅዝቆ፣ ጽዶቹ ቁልቁል በቅለው፣ ሰማዩ ከሥር። ትንፋሼን ያዝኩ። መምህር የሆንኩት ያን ቀን ነው። ደመወዙ በኋላ መጣ።

የአስተማሪዬን ስም እዚህ አልጽፍም። አንድ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ 7። ጠዋት።

አያ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ነው፣ ሽማግሌ። የበሬ ዓይን ፈልጌ ነበር ስለው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። «ምነው መምህር፣ ጾሙን በዓይን ልትገድፍ ነው?» በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ገንዘብ እንቢ አለ።

ያው ቀን። ከትምህርት በኋላ።

አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። ዓይኑን ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩ፤ ተማሪዎቹ ከበውኝ ቆሙ፤ የሚጠጋ ግን የለም። ሙስሊም ያረደው፣ ያውም በጾም። አበበች እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «ጋሼ፣ እጃችን ሥጋ ሥጋ እየሸተተ ቤት ብንገባ ምን እንላለን?» ልክ ናት። እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ። ግን ሌንሷን ብቻ ነበር የማየው።

ዘይነባ ከኋላ መጣች። እኔ እይዘዋለሁ አለች። «እናንተ እዩ፣ ማየት አያስገድፍም!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌንሷን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ግቢው ፀሐይ ላይ ነው። አበበች ጎንበስ ብላ አየች።

«ውይ! ባንዲራው ተዘቀዘቀ!»

ጩኸት፣ ግፊያ። ሁሉም ማየት ፈለገ። ያዩት ደግመው ተሰለፉ። ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሁሉም፣ እንደኔ እንደያኔው። ከስንት ዓመት በኋላ ደስ አለኝ።

አሁን ግን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ባንዲራ።

ሐሙስ፣ 9። ከሰዓት።

የፈራሁት መጣ። ወሬው ከልጆች ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ። ገበያ ሲደርስ ሌንስ የሚባል ነገር ከወሬው ጠፍቷል። መምህሩ ባንዲራ ዘቅዝቆ ልጆች አሳቀ፤ በቃ። የቀበሌው ወጣቶች ሊቀመንበር ት/ቤት ድረስ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ደግ ሰው ነው፣ ይፈራል። ግለ ሂስ እንድጽፍ፣ ነገ እንዳስረክበው፣ ሰኞ በሰልፉ ፊት ራሴ እንዳነበው። ሙከራ ማሳየቴ ጥፋት ነበር፣ ከእንግዲህ ከመጽሐፍ በቀር አላስተምርም ብዬ። አለዚያ ጉዳዩ ወደ ጎንደር ይተላለፋል።

የብርሃን ሕግ እኮ ነው ልለው ጀመርኩ። «ወንድሜ፣ ሕጉን እኔም ተምሬዋለሁ። እነሱ የሚያዩት ግን ባንዲራውን ነው።»

አልበላሁም። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። የጎረቤቴ በር ነው።

ዓርብ፣ 10። ጠዋት።

መንገድ ላይ የአበበች አባት አያ ይግዛው አስቆመኝ። ከነአህያው። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ልጄ የኔም ዓይን ገልብጦ ነው የሚያይ ትለኛለች። እውነት ነው?»

እውነት ነው፣ የሚያቃናው አእምሮ ነው አልኩት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተራራውን አየ። ብዙ ቆየ።

«ሸጋ ነገር ነው። እሷ ባትነግረኝ ሳላውቀው ልሞት ነበር» አለና አህያውን ነዳ።

ያው ቀን። ከእረፍት በፊት።

ግለ ሂሱን ስንቴ ጀምሬ ቀደድኩት። «ከእንግዲህ ሙከራ» ይላል፣ ከዚያ እጄ ይቆማል። ብጽፈው ማንም አይነካኝም። እዚሁ እኖራለሁ፣ ድንች የመሰለ ዓይን እያሳየሁ።

የጻፍኩት ይኸው፣ ሌላ የለውም፦ «ጥፋቴ ሌንሱን ወደ ባንዲራው በኩል ማስያዜ ነው። በሚቀጥለው ሙከራ ወደ ተራራው በኩል አስይዛለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ሲያነበው ፊቱ እንደሚገረጣ አውቃለሁ። ጎንደር ይጠሩኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ። ፊርማዬ የሌላ ሰው መስሏል። ግን ፈርሜያለሁ።

ደወሉ ተደወለ። ቢሮው ክፍት ነው። ሐሳቤን ሳልለውጥ ይዤው እሄዳለሁ።