በሰፌድሽ ላይ የተመለሰ እጅ

ውድ እናቴ፣

ከተለየሽን ትናንት ዓመት ሞላ። ስለ ሐዘናችን ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ ሳታዪው የቀረሽውን አንድ ነገር በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ።

ያ የአንጎል ሕመም የአባባን ቀኝ ክንድ ካሰነፈው ጀምሮ የምታጎርሺያቸው፣ ፊታቸውን የምታጥቢላቸው፣ ጋቢያቸውን የምትደርቢላቸው አንቺ ነበርሽ። ስትለዪን ከሌላ ሰው እጅ አልጎርስም አሉ። በግራ እጅ መብላትም ለእሳቸው ነውር ነው፤ ስለዚህ ከአጥሚት በቀር የሚቀምሱት ጠፋ። እየከሱ ሲሄዱ ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ተነሥተን፣ በደብረ ታቦር በኩል አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኋቸው።

እዚያ በሽተኛን የዕለት ተግባሩን እያሠራች የምታለማምድ ባለሙያ መረመረቻቸው። ክንዳቸው ፈጽሞ እንዳልሞተ፣ ሁሉን ስለምናደርግላቸው መሥራት እንደተወ አስረዳችኝ። ለመቀበል ዘገየሁ። የታመመ ሽማግሌን ማስታጠብና ማጉረስ በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ በዚያው ክብር እጃቸውን አስተኝተነው ኖሯል።

ስንመለስ ሰፌድሽን ከግድግዳው አወረድሁ፤ ባቄላ አፍስሼበት በቀኝ እጃቸው እንዲለቅሙ ለመንኋቸው። ወንድ ሰፌድ ታቅፎ ሲለቅም ታይቶ አይታወቅምና ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ዕለቱን ሲስቁ ዋሉ። እንጀራ አቅርቤላቸው ላጉርስዎ ብዬ ሳልለምናቸው መቀመጤን ባዩ ጊዜ ግን ሳቁን ተዉት።

«ልጄ፣ በተማርህበት ኮሌጅ የሚያስተምሩት አባትን ማስራብ ነው?» አሉኝ።

ስለ ውጤቱ እኔም እርግጠኛ አልነበርሁም።

ባቄላው ከጣቶቻቸው እያመለጠ ብዙ ሰነበተ። መያዝ ሲጀምሩ በምስር ተካሁት። ክረምቱ ሲወጣ ፊታቸውን ራሳቸው ታጠቡ፤ ጋቢያቸውንም ደረቡ። እንጀራው ብቻ አልታዘዝ አላቸው።

ትናንት፣ በሙት ዓመትሽ፣ እትዬ ጥሩነሽ ጉርሻ ጠቅልለው ቢዘረጉላቸው አባባ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቀኝ እጃቸው ቆረሱ፤ ወደቀባቸው። ዳግመኛ ቆርሰው ጎረሱ። ቀጥሎ የጠቀለሉትን ግን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንካ፤ እሷ እንደምታደርገው ነው» አሉኝ።

ትንሽና ጥብቅ ነበር። እንዳያንቃቸው ስትጠነቀቂ የምትጠቀልዪውን መጠን እጃቸው ሳይረሳ ቆይቷል።

የተሰማኝን ለመጻፍ አልሞክርም። መጠኑን ግን ይዤዋለሁ፤ ልጆች ስወልድ በዚያው ልክ አጎርሳቸዋለሁ፣ የማን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። ሰፌድሽን ወደ ቦታው ልሰቅል ብል አባባ አልፈቀዱም፤ የነገውን ምስር እየለቀሙበት ነው።

ልጅሽ